ቡትሪንትን ለድምፅ ማጉያ አትስጡት

ሰሞኑን አንድ አስጎብኚ አልባኒያ ካለው ከቡትሪንት ፍርስራሽ የለቀቀውን ቪዲዮ አይቼ ደሜ ፈላ። በጥንቱ የግሪኮች ቴአትር መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ቴአትር ለመዝናኛ ነው የተሠራው። በየሳምንቱ ኮንሰርት ይደገስበት እንጂ! 2,000 ዓመት የቆመ ድንጋይ በሙዚቃ አይፈርስም» ይላል። ስንቱ ደግሞ «እውነትህን ነው» አለው።

ሲጀመር 2,000 ዓመት አልቆመም። ተቀብሮ ነው የኖረው። ጣሊያናዊው አርኪዮሎጂስት ሉዊጂ ኡጎሊኒ እ.ኤ.አ. በ1928 ቁፋሮ ሲጀምር ቴአትሩ አፈር ውስጥ ነበር። አፈሩ ነው ያቆየው። ዝናብና የሰው እግር እንደገና ካገኘው ገና 100 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከሥሩም ውሃ ይወጣል፤ ተዋንያኑ ይቆሙበት የነበረው ሜዳ ብዙውን ጊዜ ኩሬ ነው፣ ኤሊ ይዋኝበታል። ታዲያ ይሄ ነው የማይፈርሰው?

እኔን ያንገበገበኝ ግን «ለመዝናኛ» ያለው ነው። ወንድሜ፣ ወደ ቴአትሩ ስትገባ ግድግዳውን አየኸው? በደቃቅ የግሪክ ፊደል ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ግጥም አይደለም፣ የንጉሥ ውዳሴም አይደለም። ነፃ የወጡ ባሪያዎች ስም ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስም። ነፃ ያወጧቸውም ተጽፈዋል፣ ከነሱ መካከል ሴቶች አሉ። ቴአትሩ የፈውስ አምላክ ይባል ከነበረው ከአስክሌፒየስ መቅደስ ጎን ነው፤ ነፃነቱ በአምላኩ ስም ይታወጅና ከተማው ሁሉ በሚሰበሰብበት ቦታ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። ለምን እዚያ? ሁሉም እንዲያየው ነዋ! ነገ አንዱ ተነስቶ «አንቺ እኮ የኔ ነሽ» ቢላት እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ታሳየዋለች። ያ ሰነዷ ነው። የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ሌላ የትም አልተጻፈም። የከተማዋን ግዙፍ የድንጋይ ቅጥርና የአንበሳ በሯን ሁሉም ፎቶ ያነሳል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ምሽግ ይሄ ግድግዳ ይበልጥብኛል። አንተ ደግሞ ሺህ ሰው በየሳምንቱ እየተጋፋ ትከሻውን እንዲያሽበት ትፈልጋለህ።

ተዋናይ በባዶ ድምፁ፣ በበጋ ጥቂት ምሽት ቢጫወትበት አልቃወምም። ከዚያ ያለፈውን ግን አልቀበልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ሥፍራ ነው። የባህር ዳርቻዋ ከተማ ሳራንዳ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ድምፅ ማጉያው እዚያ ይተከል።