የኔፕልስ ሳንሱሮች፣ እጃችሁ ይባረክ!

የኢጣሊያዊው አቀናባሪ የቬርዲ «የጭምብል ጭፈራ» ኦፔራ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያሞግሰው አቀናባሪውንና ዘፋኞቹን ነው። ሳንሱሮቹን ዞር ብሎ ያየ የለም። ግፍ ነው። ዋናዎቹ የጭምብል ሰፊዎች እነሱ ነበሩ።

ታሪኩ የእውነት ነው። በ1792 (እ.ኤ.አ.) የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ስቶክሆልም ኦፔራ ቤት ለጭምብል ጭፈራ ሄደ። ያን ምሽት ስም የሌለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ናቀው። ጭምብሉን አጠለቀ፤ ደረቱ ላይ ግን ኒሻኑን እንዳንጠለጠለ ነው። እንዳይታወቅ መሆኑ ነው እንግዲህ! ከኋላው ተተኮሰበት፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ።

ቬርዲ ይህንን ይዞ በ1858 ኢጣሊያ ውስጥ ኔፕልስ ከተማ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት በናፖሊዮን 3ኛ ላይ ቦምብ ተወርውሯል። ሳንሱሮቹ ታዲያ ለሕዝብ ሰላም ሲሉ ትንሽ ትንሽ ማስተካከያ ጠየቁ። ንጉሡ ንጉሥ አይሁን። የሚወዳት የወዳጁ ሚስት፣ የወዳጁ እህት ትሁን። ገዳይ በዕጣ አይመረጥ። ግድያው ከመድረክ ውጭ ይፈጸም። ጭፈራውም ይቅር። በቃ፣ ሌላው እንዳለ ይሁን! ተመልካቹም በጊዜ ቤቱ ይገባል።

ቬርዲ ግን ውለታ የማይገባው ሰው ነው። እምቢ አለ፤ ከቴአትር ቤቱ ጋር ተካሰሰ፤ ሥራውን ይዞ ሮም ገባ።

የሮም ሳንሱሮች ደጎች ናቸው። ጭፈራውም ግድያውም ይፈቀድ፣ ግን አውሮፓ ውስጥ አይሁን አሉ። ስቶክሆልም ተነቅላ አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ ተተከለች። ንጉሡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ አረፈው። ያውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን! ፑሪታን የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ቴአትርና ዳንኪራ ሲሰሙ በሚያማትቡባት ከተማ፣ (ማማተብም አይወዱም እንጂ) አገረ ገዥው ጠንቋይ ቤት ደርሶ ሲመለስ ጭምብል አጥልቆ ይደንሳል። እንዲህ ያለ ፈጠራ ከየትኛው ደራሲ ይገኛል? የኦፔራው ግጥም ጸሐፊ ሶማ ስሜ እንዳይወጣ ብሎ እሱም ተሸፈነ።

ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የተደበቀው ንጉሥ ከሞተ 66 ዓመት አልፎታል። ፓሪስ በ1833 ይህንኑ ታሪክ ከነንጉሡ፣ ከነስሙ በኦፔራ አሳይታለች። ያልተሰማ ነገር መደበቅማ ማን ያቅተዋል!

በፌብሩዋሪ 1859 ኦፔራው ሮም ላይ ታየ። ንጉሥ የሚባል ነገር የለበትም። ኢጣሊያ ገና በአንድ ንጉሥ ሥር ባልተዋሐደችበት በዚያ ዘመን ጣሊያኖች «ቪቫ ቬርዲ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አቀናባሪ ማድነቅ ደግሞ በየት አገር ያስጠይቃል? ጯሂዎቹ ግን የስሙን አምስት ፊደላት ሲዘረዝሯቸው «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ የኢጣሊያ ንጉሥ» ይሉ ነበር። ይኸኛው ንጉሥ ደግሞ በሕይወት ነበረ።