ኧረ ፍላሹን አጥፉ!

ሰሞኑን ከነቤተሰቤ ላኦስ፣ ሉዋንግ ፕራባንግ ነበርን። ከተማዋን ሁላችንም ወደድናት። ጠዋት ጠዋት የሚደረገውን ካየሁ ወዲህ ግን ንዴቱ አልበርድ ብሎኛል። ልናገረው።

ሉዋንግ ፕራባንግ ሜኮንግና ናም ካን የሚባሉ ወንዞች ሲገናኙ መሃላቸው ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የጥንቱ የላን ሳንግ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ዩኔስኮም በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ትንሽ ራመድ ባሉ ቁጥር አንድ የቡድሃ ገዳም ይገኛል።

መነኮሳቱ ጎህ ሲቀድ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ምጽዋት ለመቀበል ይወጣሉ። ታክ ባት ይባላል። የሰፈሩ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃቸዋል። በእንፋሎት ያበሰለውን የሚያጣብቅ ሩዝ ከቀርከሃ ሙዳይ እየቆነጠረ ባነገቱት ዕቃ ውስጥ ይጨምርላቸዋል። ማንም አይናገርም። መነኩሴው አያመሰግንም፤ ሰጪውም ምስጋና አይጠብቅም፣ የሚፈልገው ጽድቅ ነው። ከቀትር በኋላ መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም። ስለዚህ ያቺ የጠዋት ሩዝ የዕለት ጉርሳቸው ናት።

እማዬ ሰልፉን እንዳየች "እነዚህ እኮ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው" አለች። እውነቷን ነው። ከሰልፉ ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው፤ ከገጠር፣ ከድሃ ቤት መጥተው ገዳም ውስጥ የሚማሩ። እስቲ አኮፋዳውን አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ የሚዞረውን ልጅ አስቡት። ቁራሹን ሊቀበል ሲል አንዱ መጥቶ ስልክ ፊቱ ላይ ቢደግንበት ምን ይሰማችኋል?

ዋናው መንገድ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ ቱሪስት መንገዱን ሞልቶታል። አንዱ ከሰልፉ ፊት ለፊት ወደ ኋላ እየተራመደ ቪዲዮ ይቀርጻል። ቁምጣ የለበሰች ሴት፣ ጓደኛዋ ፎቶውን አሳምሮ እስኪያነሳት ድረስ ሩዙን ይዛ ልጁን ታስቆመዋለች። መነኩሴን ሴት እንደማትነካው እየተነገራት ሌላዋ የአንዱን መነኩሴ ትከሻ ልታቅፍ ትጠጋለች። ፍላሹ በጨለማ ዓይናቸው ላይ ይበራል። ልጄ "ለምን ማንም አይቆጣቸውም?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

አላወቁም እንዳልል በየማረፊያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተለጥፏል። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፍኑ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ጸጥ በሉ ይላል። ይሄ ምኑ ይከብዳል? እማዬ አንድ ፊደል ሳታነብ ነጠላዋን አጣፍታ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። የጸሎት ቦታ እንደሆነ ገብቷታል።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ አስጎብኚው ነው። እንግዳው ባያውቅ እሱ ያውቃል። የእኛው አስጎብኚ ግን "ቅረቡ፣ ቅረቡ፣ ከዚህ ጥሩ ፎቶ ይወጣል" ይለናል! የገዛ አገሩን ሥርዓት!

ከስር ያለው ችግር ይብሳል። መሃል ከተማ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያና ለካፌ እያከራዩ ወደ ዳር ወጥተዋል። ሩዝ ይዞ ደጁ ላይ የሚንበረከከው ጎረቤት ሲሄድ ቦታውን ቱሪስት ያዘው፤ ሩዙንም ከመንገድ ዳር ሻጭ ይገዛል። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ከቻይና የሚመጣው ባቡር ሥራ ጀምሯል፤ እንግዳ ለማምጣት ከድሮው በጣም ቀላል ሆኗል። ቱሪስት አይምጣ አላልኩም፤ እኛም ቱሪስት ነን። መስጠት የፈለገም ይስጥ። ግን እንደ ሰጪ ጫማውን አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ይስጥ። እኛም አገር ጥምቀት ላይ ታቦት የተሸከመ ካህን ፊት ካሜራ ሲደቀን የምንናደድ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

ፎቶ አምሮህ ከሆነ ደግሞ ሞልቶልሃል። በ1560 አካባቢ ንጉሥ ሴታቲራት ያሠሩት ዋት ሲየንግ ቶንግ አለ፤ ጣሪያው እየተደራረበ ወደ መሬት የሚወርድ፣ ግድግዳው በባለቀለም መስታወት ያጌጠ። ፉሲ ኮረብታ ላይ ውጣና ፀሐይ ሜኮንግ ላይ ስትጠልቅ አንሳ። ማታ በእጅ የተሠራ ጨርቅ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ሻጮቹን አስፈቅደህ እስኪበቃህ አንሳ። እነዚያን ልጆች ግን ቁርሳቸውን ይሰብስቡበት፣ ተዋቸው።