ማስተካከያ፦ የካናዳ ቪዛ ማማከርና የ«ፈቃድ» ጉዳይ

ባለፈው ሳምንት ለባሕር ዳር አንባቢዎቻችን ባወጣነው መረጃ «ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ካለው የካናዳ ቪዛ ማማከርም ይችላል» ብለን ነበር። ተሳስተናል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የሚሰጠው ፈቃድ ሠራተኛና አሠሪ ለማገናኘት እንጂ የካናዳን የኢሚግሬሽን ሕግ በክፍያ ለማማከር አይደለም።

በካናዳ ሕግ ገንዘብ ተቀብሎ ማማከር ወይም መወከል የሚችለው የካናዳ የጠበቆች ማኅበር አባል፣ የኩቤክ (የካናዳ ክፍለ ሀገር) ኖተሪ ወይም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን የአማካሪዎች ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ አካል) አባል ነው። ኮሌጁ ሥራ የጀመረው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። የአባላቱ ስም ድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ፈቃዱ የታገደ ሰው ስምም እዚያው ሊገኝ ስለሚችል የፈቃዱን ሁኔታ አንብቡ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ይህን አይነግራችሁም።

ኮምፒውተር ቤት ሰነድ ማስተርጎም ወይም ኮፒ ማድረግ ችግር የለውም። «በተማሪ ቪዛ ይሻልሃል፣ ይህን ጥያቄ እንዲህ መልስ» ከተባለና ከተከፈለበት ግን ምክር ሆነ።

ሕጋዊ ወኪል በአይ ኤም ኤም 5476 (አመልካቹ ወኪሉን ለካናዳ ኢሚግሬሽን በሚያሳውቅበት) ቅጽ ስሙን ያስመዘግባል። «ቅጹ አያስፈልግም» ብሎ በራሱ ኢሜይል የቪዛ ማመልከቻ አካውንት የሚከፍትላችሁ ሰው ዋናው አደጋ ነው፦ ተጨማሪ ሰነድ የሚጠይቀው ደብዳቤ የሚደርሰው ለእሱ ነው፣ የሐሰት የባንክ ስቴትመንት ቢያስገባም ካናዳ እንዳይገባ የሚጣለው የ5 ዓመት እገዳ የሚያርፈው በአመልካቹ ላይ ነው። ኮሌጁ ፈቃድ የሚነጥቀው ደግሞ ካለው ሰው ነው፤ ከደላላ ምን ይነጥቃል?

ያለ ክፍያ የሚያግዝ ዘመድ አልተከለከለም። እሱም ቢሆን ከወከላችሁ ቅጹ ላይ ይሰፍራል።