«ሁሉንም አውጡና ገላግሏት»

ይህን ያሉት አጎቴ ናቸው፤ የአክስቴ ልጅ ሁለቱም ኦቫሪዎቿ (እንቁላል የሚመረትባቸው) ከነማህፀኗ ይውጡ ማለታቸው ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ፈርተው ነው። ልጅቷ 27 ዓመቷ ነው፣ ከተዳረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ። ሆዷ ሲነፋባት «ጨጓራ ነው» ተብላ ለወራት ተልባ ስትጠጣ ከረመች። አልትራሳውንድ ስትነሳ ቀኝ ኦቫሪዋ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ዕጢ ተገኘ።

ዶክተሩ ያበጠውን ኦቫሪ ከነቱቦው አወጣ። ግራውንና ማህፀኗን ግን አልነካም። የወጣው ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ባላት ባለክዳን ባልዲ ተደርጎ ለእኛ ተሰጠን፤ ላብራቶሪ ማድረሱ የቤተሰብ ሥራ ነው። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት ስሄድ ረዳቱ «ወንድሜ፣ እርጎው እንዳይደፋ» አለኝ። ምን ልበለው? እሺ አልኩት።

ከ12 ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፦ «ቦርደርላይን»። ቤተሰቡ ግራ ገባው። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ሴሎቹ ከወትሮው ውጪ ይባዛሉ፣ ግን እንደ ካንሰር ሥጋውን ሰርስረው አይገቡም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃዋርድ ቴይለር እንደ ፈረንጆቹ በ1929 ስለዚህ ዓይነት ዕጢ ጽፏል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ናቸው። ከኦቫሪ ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ100 ሴቶች ከ95 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ኬሞም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

አጎቴን የምሞግታቸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ይውጣ ማለት በ27 ዓመት ማረጥ ማለት ነው። የሚቀረው ልጅ ብቻ አይደለም፤ አጥንት ይሳሳል፣ ልብም ይጎዳል።

ግራውን መተው ዕዳ እንዳለው አልደብቅም። በተረፈው ኦቫሪ ላይ ዕጢው ሊመለስ ይችላል። ኦቫሪውን ትቶ ዕጢውን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት ደግሞ የመመለስ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ሙሲነስ የሚባለው፣ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጨው ዓይነት ከሆነማ ያን ኦቫሪ ሙሉውን ማውጣት ነው የሚመከረው። ሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኖ ሥር መስደድ ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው። ግን የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ያው ቦርደርላይኑ ነው፤ ተከታትለው ከደረሱበት እንደገና ይወጣል። ክትትሉ የአንድ ሁለት ዓመት አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ የተመለሰባቸውም አሉ። ለአልትራሳውንድ ከክፍለ ሀገር ለምትመላለስ ሴት ይሄ ቀላል አይደለም።

ዋናው ችግር ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ሲቆም ዕጢው ምን እንደሆነ ገና አለማወቁ ነው። አቅሙ ባለበት ቦታ ፓቶሎጂስቱ (የወጣን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) በኦፕራሲዮኑ መሃል ቁራጭ አቀዝቅዞ አይቶ ይነግረዋል። እሱም ይሳሳታል፤ በተለይ ዕጢው ትልቅ ሲሆን፣ ያየው ትንሽ ቁራሽ ብቻ ነውና። እኛ ጋ ደግሞ ባልዲው ታክሲ ይሳፈራል። ስለዚህ ሴቲቱ ወጣት ከሆነች፣ ጥርጣሬም ካለ፣ ያበጠውን ኦቫሪ ብቻ አውጥቶ ውጤቱን መጠበቅ ነው የሚሻለው። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ወጪ ነው፣ ሕመም ነው። ግን ይቻላል። የወጣን ኦቫሪ መመለስ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መነገር አለበት፤ ለራሷ። የፈቃድ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ጠዋት በጥድፊያ፣ በባልና በአጎት መሃል ነው የሚፈረመው። የእኛው ዶክተር ግን ዋዜማውን ማታ መጥቶ ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣን። ልጅ ትፈልግ እንደሆነ፣ የከፋ ነገር ቢያገኝ እስከ ምን ድረስ እንደምትፈቅድለት ጠየቃት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። አጎቴ ኮሪደር ላይ ቆመው የተቆጡት ቁጣ እስካሁን አልበረደላቸውም።