የማንኪያ ቤት

ለወጥ ቤታችን መሳቢያ የማንኪያ መከፋፈያ አሠራሁ። ከዋንዛ። ማንኪያ ለብቻ፣ ሹካ ለብቻ፣ ቢላ ለብቻ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሰላም ነበርን። ጠቡ የመጣው "ምን ይቀባ?" ስል ነው።

አናጢው ጥያቄው ራሱ ገረመው። "ጋሼ፣ ቫርኒሽ ነዋ! ሁለት እጅ ቀብቼ መስታወት አደርግልዎታለሁ።"

በዩቲዩብ የሠለጠነው ጎረቤቴ ደግሞ "የወይራ ዘይት" አለ። የወይራ ዘይት እኮ አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ከርሞ ይሸታል። ደግሞስ ለሰላጣ ያልደፈርነውን ዘይት ለማንኪያ ቤት?

እኔ ልቤ የተልባ ዘይት ላይ ነበር። እሱ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። አንዲት ጣጣ ብቻ አለችው። የተቀባበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ይሞቅና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህን ጮክ ብዬ ማንበብ አልነበረብኝም።

"ለማንኪያ ብለህ ቤቴን ልታቃጥል ነው?" አለች ባለቤቴ።

አማቴ ከሶፋው ሆነው፣ "እኛ ገበቴውን ቅቤ ቀብተን ነው ያኖርነው። እናንተ ለእንጨት ጉባኤ ትጠራላችሁ" አሉ።

በቃ፣ ቫርኒሽ ሆነ። ሁለት እጅ። በማግስቱ በጣቴ ነካሁት፣ ደርቋል። ማንኪያዎቹን ደረደርኩ፣ መሳቢያውን ዘጋሁ። ለካ ቫርኒሽ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል! በሦስተኛው ቀን ሽሮው ቫርኒሽ ቫርኒሽ አለን። አንዷን ማንኪያ ሳነሳት ጠጭ ብላ ተላቀቀች። ጀርባዋ ቫርኒሹ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፣ እንደ ቀበሌ ማኅተም።

"ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ" አለች ባለቤቴ። ቀሪውን አልጨረሰችውም፤ ድስቱን ጥዳ ነበር።

በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደገና ቀባሁት። አንድ ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተሰጣ። ያለፈ ያገደመ ሁሉ "የወፍ ቤት ነው?" እያለ ይጠይቀኛል። በመጨረሻ ሽታው ጠፋ፣ ጥፍርም አልነካው አለ። በኩራት መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት።

ማታ ስመለስ አማቴ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ አልብሰውታል።

"ቫርኒሹ እንዳይጫር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ማንኪያዎቹስ? እንደ ድሯቸው ማጠቢያው አጠገብ፣ እጀታዋ የተሰበረችው ኩባያ ውስጥ ቆመዋል።