ለሱቅ የተሠራ ቴሌቪዥን ቤቴ ገብቶ

ይህን የምጽፈው ከአንድ ሳምንት ትግል በኋላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ባለ 43 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቼ፣ ካርቶኑን ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌ ማራኪ ወደሚገኘው ቤታችን ሳመጣ፣ እናቴ በዚያው ምሽት ስኒዋን ይዛ የ2 ሰዓቱን ዜና ታያለች ብዬ ነበር። ጀርባው ያበጠው አሮጌው ቴሌቪዥናችን ዕድሜውን ሙሉ ከእኛ የጠየቀው ነገር ቢኖር አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። አዲሱ ግን ገና ሶኬት ላይ ስሰካው ምስል ከማሳየቱ በፊት እኔን መመርመር ጀመረ።

ቋንቋ ምረጥ አለኝ፤ አማርኛ የለም። አገር ምረጥ አለኝ፤ ኢትዮጵያ የለችም። ሰዓታችን አንድ ነውና ኬንያዊ ሆኜ አለፍኩ። ቀጥሎ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ይህን የሞከረ ሰው ሕመሜን ያውቀዋል፤ ፊደላቱ ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ፣ እርስዎ ደግሞ በሪሞቱ ቀስት ደረጃ በደረጃ እየተራመዱ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ከ‘ኤ’ ተነሥቶ ‘ፒ’ ለመድረስ ብቻ አሥር ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ታናሽ ወንድሜ ሌባ እንዳይገባ ብሎ ትልቅና ትንሽ ፊደል ከቁጥር ጋር ያደባለቀበትን ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል አስገብቼ ስጨርስ ‘ስህተት ነው’ አለኝ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ እንዳላይ ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ በኮከብ ምልክት ሸፍኖታል። ሳሎኑ ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ከማን እንደሚደብቀው እስካሁን አልገባኝም። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ።

ከዚያ በኋላ የስምምነት ጽሑፍ መጣ፤ ሁሉንም ሳያነቡ ‘እስማማለሁ’ እንዲሉ ሆኖ የተዘጋጀ፣ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ። ከስምምነቶቹ አንዱ ቴሌቪዥኑ የምናየውን ነገር እየለየ ለማስታወቂያ ሥራ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ ነው። ይህ የእኔ ጥርጣሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ አምራች ተመልካቾችን ሳያስፈቅድ ይህንኑ ሲያደርግ ተገኝቶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ገንዘቤን ከፍዬ ቤቴ ያስገባሁት ዕቃ እናቴ ምን እንደምታይ ለማን ነው የሚናገረው? ምልክቱን አጥፍቼ አለፍኩ። አፕዴት አውርድ ሲለኝም እሺ አልኩ፤ 64 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ፤ የሄደውን ዳታ ማንም አልመለሰልኝም።

ይህ ሁሉ ግን ዋናው ብሶቴ አይደለም። ዋናው ብሶቴ ምስሉ ነው።

በመጨረሻ ሲከፈት የዜና አንባቢው ፊት ብርቱካን መስሎ ብቅ አለ። እናቴ ጥቂት አየችውና «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። ቀጥሎ የጥምቀትን በዓል የተቀረጸ ምስል በፍላሽ ከፈትኩላት፤ ከጥር 11 የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የበለጠ የምትወደው ምስል የለም። ነጠላው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። «ኦሞ በዝቶበታል» አለች። በእኔ ዓይንም ልክ ነበረች። ወደ ሴቲንግ ገብቼ ቀለሙን ቀነስኩ፣ ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩ፣ የነጩን ዓይነት ‘ኩል’ (ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ) ከሚለው ወደ ‘ዋርም’ (ሞቅ ያለ) ቀየርኩ። ነጭ ነጭ ሆነ፤ ሰውም ሰው መሰለ። ደስ ብሎን ተቀመጥን። አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆየን ስክሪኑ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሰውዬው እንደገና ብርቱካን ሆነ።

ድጋሚ አስተካከልኩ፤ ድጋሚ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ከታች በኩል የቴሌቪዥኑን ችሎታ የሚያወድስ ጽሑፍ ሽው እያለ ያልፍ ጀመር። የገዛሁትን ዕቃ እንድገዛው ይለምነኛል! ሱቁ ዘንድ ደወልኩ፤ ሻጩ «አንተ ነካክተኸው ይሆናል፤ እኛ ጋ በደንብ ይሠራ ነበር» አለኝ። እሑድን በዚህ መልክ አሳለፍኩ። ሰኞ ማታ ነው ሴቲንጉ ውስጥ ማንም ሊፈልገው በማይችል ጥግ፣ ከስድስት ገጽ በኋላ፣ ‘ሱቅ’ ወይስ ‘ቤት’ የሚል ምርጫ ያገኘሁት። ምልክቱ ‘ሱቅ’ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኖች በአምፖል በጠገበ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ዓይን የሚስበው ይበልጥ የደመቀው ነው፤ ስለዚህ አምራቾች ቀለሙንና ብርሃኑን እስከ ጣሪያው የሚያደርስ፣ ደንበኛ ቢነካካው እንኳ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ወደነበረበት የሚመልስ የሱቅ አሠራር ያስቀምጡለታል። ለሱቅ ተገቢ ነው፤ አልከራከርም። ሻጩ ግን ማሳያ የነበረውን ቴሌቪዥን ከመደርደሪያ አውርዶ ካርቶን ሲያስገባልኝ፣ ወይም እኔ ዋጋ ስከራከር በቆምኩበት ሰዓት፣ አንዲት ምርጫ ቢቀይርልኝ ምን ነበረበት? ዋስትና ስለሚባለው ወረቀት ሩብ ሰዓት ያስረዳኝ ሰው ስለዚህች ምርጫ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

‘ቤት’ የሚለውን መረጥኩ፤ መመላለሱ ቆመ። ነጩም ረጋ። ዓለም አቀፉ የምስል ሥራ መለኪያ ነጭ፣ የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን፣ 6500 አካባቢ ነው፤ ለዚህ የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ‘ዋርም’ የተባለው ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥን ግን ከፋብሪካው ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ ይወጣል። ‘ሻርፕነስ’ (የምስል ስለት) የሚባለውም ስሙ ያታልላል፤ የሌለ ዝርዝር አያመጣም፤ በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል እንጂ። የጥምቀቱ ቪዲዮ ላይ ያለችው ሴትዮ የቀሚሷ ጥበብ ዙሪያውን በኖራ የተከበበ መስሎ ነበር፤ ከ50 ወደ 10 ሳወርደው ክሩ ክር ሆነ።

ፊልም ስንከፍት ሌላ ጉድ ጠበቀን። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ የእኔ ቴሌቪዥን ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ በመካከል የጎደለውን ምስል እየገመተ ራሱ ይፈጥራል። ውጤቱም ምንም ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ቢሆን የጎረቤት የሠርግ ቪዲዮ መምሰሉ ነው። ፊልም ሠሪዎቹም ተማረው እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሁሉ ጭማሪ በአንድ ምርጫ የሚያጠፋ ‘ፊልምሜከር ሞድ’ የተባለ አሠራር ከአምራቾች ጋር አስተዋውቀዋል፤ የእኔው ግን የለውም። ይህን ምስል እየፈጠረ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ምርጫ በእጄ ፈልጌ አጠፋሁት፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ደግሞ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከዩቲዩብ የተማርኩት ስም እኔ ጋ አልነበረም።

ዲሽ ሊያስተካክል የመጣው ሰውዬ 500 ብር ተቀብሎ ሪሲቨሩን በዚያ በቀይ፣ በነጭና በቢጫው የድሮ ገመድ አገናኝቶ ሄደ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍሯል፤ ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ ግማሹ ተቆርጧል። ሪሲቨሩን ገልብጬ ሳየው ጥራት ያለው ምስል የሚያስተላልፈው አዲሱ ገመድ የሚሰካበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ባዶውን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል! ገመዱን ራሴ ገዝቼ ሰካሁ፤ ውፍረቱ ጠፋ፤ የተቆረጠው ጽሑፍ ግን የስክሪኑን ስፋት ‘እንደመጣው አሳይ’ የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ ላይ እስካደርገው ድረስ አልተመለሰም።

እስካሁን ያልተፈታው አንድ ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ወደ ዲሹ አይመለስም፤ የፊልም ማስታወቂያ የተደረደረበትን የራሱን ገጽ ይከፍታል። እናቴ «ያ ሣጥን ሣጥኑ መጣ» ብላ ሥራ ቦታ ትደውልልኛለች፤ እኔም በስልክ «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ አይ አሁን አለፍሽው» እያልኩ መንገድ እመራታለሁ። ሲከፈት ወደ መጨረሻው መግቢያ እንዲመለስ የሚያደርግ ምርጫ በሌሎች ቴሌቪዥኖች ላይ አይቻለሁ፤ እኔ ጋ ገና አላገኘሁትም።

ትናንት ማታ ዜናው ሊጀምር ሲል ስክሪኑ መሃል ላይ አዲስ አፕዴት መኖሩን የሚናገር ጽሑፍ ድቅን አለ። ሪሞቱ እናቴ እጅ ነበር። «ልጄ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። «ምንም አይደለም እማዬ» ብዬ ተቀበልኳትና ‘በኋላ’ የሚለውን ተጫንኩ።