ለተከበሩ ፊርማ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሥዕሉ ፊት ዘወር እንዲሉልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከጣና ዳር፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር፣ ከእርስዎ ጣጣ በስተቀር እጅግ ደህና ነን።

አድራሻዎን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ዘወትር ከሥዕሉ ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥግ ኩርምት ብለው ይገኛሉ። የባሕር ዳር ሥዕል ተመልካች መነጽሩን ከኪሱ ሲያወጣ ሥዕሉን ሊያይ መስሎን ነበር። ለካስ እርስዎን ሊያነብ ኖሯል! አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ ሥዕሉንም አይቶ ጨረሰ ማለት ነው።

ሐይቅ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ በከሰል የተነደፈ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ተሰቅሏል። አንድ ጋሼ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ አዩትና፣ «ክንዱ ረዘመ፤ ልጁ ገና አልበሰለም» ብለው ፈረዱ። አጠገባቸው የነበረው ሰው ጎንበስ ብሎ እርስዎን አነበበና የሠዓሊውን ስም ሹክ አላቸው። አዲስ አበባ ላይ የሚፈራ ስም ነው። ጋሼ ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ... ክንዱን እንዴት እንዳስረዘመው አያችሁ? የቀዛፊውን ድካም እኮ ነው የሚነግረን!» ክንዱ በዚህ መሀል አልረዘመም፣ አላጠረም። ልጁ ግን ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ በሰለ።

ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ጀልባዎች ከሚነሱበት አካባቢ ደግሞ ብራና ላይ መላእክት የሣሉ ወጣቶች ይቆማሉ። እነሱን «የማን ሥራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው «መጨረሻው ስንት ነው?» ብቻ ነው።

ይህን የእኛ ብቻ አመል ነው ብለን አንገታችንን እንዳንደፋ፣ በውጭ ሀገር የሠሩትንም ሰምተናል። በ2013 እ.ኤ.አ. ባንክሲ የተባለው ስመ ጥር የግድግዳ ሠዓሊ፣ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አስቀምጦ እውነተኛ ሥራዎቹን እያንዳንዳቸውን በ60 ዶላር አስቸረቸረ። ማን እንደሣላቸው ግን አልተነገረም። የቀኑ ገቢ 420 ዶላር ሆነ። አንዲት እናትማ ለልጆቿ ሁለት ትንንሽ ስትገዛ በግማሽ ዋጋ አስቀንሳለች (እኛ ዘንድ ብትመጣ ከዚያም ታወርድ ነበር)። በማግስቱ ሥራዎቹ የባንክሲ መሆናቸው ተነገረ፤ በዓመቱ ከዚያ መደብ የተገዙ ሁለት ሥዕሎች ለንደን ላይ ተጫርተው በድምሩ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጡ። ሳልቫቶር ሙንዲ የሚባለው የክርስቶስ ሥዕልም በ1958 እ.ኤ.አ. በ45 ፓውንድ ተሸጦ ነበር። በኋላ ታጠበ፣ ታደሰ፣ «የሊዮናርዶ ዳቪንቺ ነው» ተባለና በ2017 እ.ኤ.አ. ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እድሳቱ ጥሩ እንደነበር እንገምታለን፤ በዚያ ሁሉ ዶላር የሚታደስ ነገር ግን አልታየንም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተን ነበር። እርስዎ ከሥዕል በላይም ዋሉ።

ላለመዋሸት ያህል፣ ስም ከሜዳ አይታፈስም። ብዙ መልካም ሥራ ያየንለት ሰው ክንድ ቢያስረዝም፣ «ምን አስቦ ይሆን?» ብለን ደግመን ብናይ ተገቢ ነው። ስም የሌለውን ልጅ ክንድ ደግመን እንዳናይ ማን ከለከለን? እርስዎ ነዎት፤ ያውም በሥፍራው ሳይገኙ!

እስቲ አንድ ቀን ዘጌ ወዳለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይሻገሩ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ እርስዎን ጥግ ጥጉን የሚፈልግ ጎብኚ በቀላሉ አያገኝዎትም። እርስዎን ስላጣ ሳይወድ በግድ ሥዕሉን ያያል። በዚያ የአሣሣል ወግ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ሙሉ ፊታቸውን ሲያሳዩ፣ ኃጥአን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሌላውን ሁሉ ትቶ እርስዎን ብቻ የሚያይ ተመልካች ቢሣል ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለእርስዎ እንተወዋለን።

በጣና ደሴት ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳምም ዘመድ እንዳለዎት እናውቃለን። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በዚያ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን አኑሯል። እሱን አንነቅፍም፤ እጁ የሚመሰገን ነው። ግን ይኸው ዛሬ ስማቸውን ያልጻፉት የዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ ትንሽ እሱን ከመሰለ «የፍሬ ጽዮን፣ ወይም የእሱ ወገን» ይባላል። አንዱ ስለፈረመ ሌሎቹ ወገን ሆነው ቀሩ!

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሥዕሉ ፊት ወደ ሥዕሉ ጀርባ እንዲዛወሩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ደረጃዎና ጥቅማጥቅምዎ አይነካም። የፈለገዎት ሰው መጀመሪያ ሥዕሉን አይቶ፣ የመሰለውን ተናግሮ፣ ከዚያ ገልብጦ ያገኝዎታል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሐይቅ ዳር ተመልካቾች

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ደብዳቤ ላይ የፊደል ግድፈት ቢያጋጥምዎ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ እንደ ስሕተት ይያዝልን። ታዋቂ ሰው ሆኖ ከተገኘ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።